በሰም የተደፈነው ሳጥን

እመቤት በዚያ ጠዋት ሹራቧን ገልብጣ ለብሳ ነበር የወጣችው። የነገራት ሰው አልነበረም፤ ቢነግሯትም የምትሰማበት ጆሮ አልነበራትም። እንጅባራ ከተማ ዳር፣ ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀ አዲስ ማደያ ቆሞ ይጠብቃታል። ዛሬ ተፈትሾ ካለፈ፣ በመንገድ ላይ ያለው ቦቴ ነዳጁን ያራግፍለታል። ካላለፈ ቦቴው ወደ ጫግኒ ይቀጥላል፤ የሚቀጥለው ተራ መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ እግዜር ብቻ ነው።

ማደያው የባለሀብት እንዳይመስላችሁ። እነዚያን በመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቤንዚን በሃይላንድ ደርድረው ለባጃጅ የሚቸረችሩትን ታውቋቸዋላችሁ? ፖሊስ ብቅ ሲል ሃይላንዱን ቀሚስ ሥር ሸጉጠው ሰማይ ሰማይ የሚያዩትን? የእነርሱ ነው። እመቤት «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያለች አንድ በአንድ ከየድንጋያቸው ላይ አስነስታ፣ ግማሹን በልመና፣ ግማሹን በቁጣ፣ በማኅበር አደራጀቻቸው። ሊቀ መንበርም አደረጓት፤ ማን ደፍሮ ሌላ ይመርጣል?

ለእርሷ ግን ነገሩ የንግድ ብቻ አልነበረም። አምና፣ መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት፣ ልጇ ዮርዳኖስ የቤት ሥራዋን ልትጨርስ ብላ ክብሪት ጫረች። እናቷ ለመቸርቸር አልጋው ሥር ካስቀመጠችው የቤንዚን ጄሪካን የወጣው ትነት እሳቱን ከእጇ ላይ ተቀበለው። ቡፍ አለና ቤቱን ሰማያዊ ብርሃን ሞላው፤ ወዲያው ጠፋ። የተቃጠለው የልጅቷ ቅንድብና የግንባሯ ፀጉር ብቻ ነበር። በማግስቱ እመቤት ልጇን ሚኒባስ ላይ አሳፍራ ዳንግላ፣ እህቷ ፍቅርአዲስ ዘንድ ላከቻት። «ቤንዚኑ ከቤት ሲወጣ ትመጫለሽ» አለቻት።

ቤንዚኑ ግን እንጀራ ነው፤ በቀላሉ ከቤት አይወጣም። ልጅቷ በደወለች ቁጥር ሰላምታውን እንኳ ሳታስቀድም «እማዬ፣ ወጣ?» ትላለች። እናት «ሊወጣ ነው» ትላለች። የልጅቷ ቅንድብ አደገ፣ ክረምት ገባ፣ ወጣ፤ «ሊወጣ ነው» ግን አልተለወጠም። ትናንት እመቤት የቀራትን የመጨረሻ ሃይላንድ ሸጠች። ማደያው ዛሬ ካለፈ ዳግመኛ አትሞላም። ካላለፈ ግን ጄሪካኑ ማታውኑ ተሞልቶ አልጋው ሥር ይገባል፤ ልጇም ዳንግላ ትቀራለች። ስለዚህ ሹራቧ ቢገለበጥ ማን ይፈርድባታል።

ደግሞ ኩራትም ነበረባት። ትናንት ከሰዓት፣ የማኅበሩ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ምንይችል ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላ፣ ሰማዩ ጠቆረ። የእንጅባራ የግንቦት ሰማይ ከጠቆረ አይቀልድም። እመቤት ፓምፖቹ ላይ የታሰሩትን የኤሌክትሪክ ሳጥኖች አየቻቸው፤ በክዳኑና በሳጥኑ መሃል ዙሪያውን ቀጭን መስመር አለ። «ይኼ ውሃ ያስገባል!» ብላ ደነገጠች። አባቷ አዘና ገጠር ቀፎ ሰቃይ ነበሩ። እርሳቸው ቤት የሚያፈስ ቅል፣ የተሰነጠቀ ጋን፣ ማር የሚያንጠባጥብ እንስራ ሁሉ የሚድነው በአንድ ነገር ነው፤ በሰም። ቤቷ ሮጣ ሰም አመጣች፤ በመዳፏ አሟሟቀችና በአውራ ጣቷ እየጫነች የሁለቱንም ፓምፕ ሳጥኖች ዙሪያቸውን ደፈነች። ሲያልቅ አንድ ጠብታ የሚገባበት ቀዳዳ አልነበረም። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ እመቤት ፈገግ ብላ ተኛች።

ከባሕር ዳር የመጣችው ተቆጣጣሪ እህተማርያም ትባላለች። አጭር፣ ቀጠን ያለች፣ ጫማዋ ግን የወታደር የመሰለ ወጣት ናት። ገና እንደደረሰች ግቢው ውስጥ ያሉትን የሁሉንም ስልክ በአንድ ቅርጫት አስለቀመችና ከአስፋልቱ ማዶ ካለው ሻይ ቤት አስቀመጠችው። ቀጥላ የሁለቱን ፓምፖች መብራት ከዋናው ማጥፊያ አጠፋች፣ ቆለፈችው፣ ቁልፉን ኪሷ ከተተች። እመቤት ይህን ስታይ ወደደቻት። ሰው እንዲህ ሲጠነቀቅ ማየት አምሯት ኖሯል።

ከአጥሩ ውጭ የባጃጅ ሾፌሮች ተሰልፈዋል። ከመካከላቸው አዝመራው የተባለው፣ ወሬ በማድረስ ከሬዲዮ የሚቀድም ልጅ፣ ከቦቴው ሾፌር ከሽባባው ጋር በስልክ ይገናኛል። «ሽባባው ቡሬን አለፈ!» ብሎ ጮኸ። ሰልፉ በጡሩምባ መለሰለት።

እህተማርያም ባትሪዋን አብርታ በመጀመሪያው ሳጥን ክዳን ዙሪያ አዞረችው። ቆም አለች። እንደገና አዞረችው። ከዚያ በጥፍሯ ጫር አድርጋ ጣቷን አሸተተችው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለች ወደ ምንይችል ዞራ።

ምንይችል ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ... ትናንት ስዘጋው አልነበረም። ግሪስ ይሆን?»

«ግሪስ ማር ማር አይሸትም።»

ሰው ሳቀ። እመቤት ግን ጊዜዋ እንደደረሰ አወቀች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወደፊት ወጣች፤ ምስጋናውን ለመቀበል አንገቷን ሳይቀር አስተካክላለች። «ሰም ነው፣ ኢንጂነር! የአዘና ንጹሕ ሰም። ዝናቡ እንዳይገባባቸው እኔ ራሴ ነኝ የደፈንኳቸው። ይመልከቱ፣ ጠብታ አላስገባም!»

እህተማርያም ሰሙን ከጥፍሯ ላይ ጠረገች። ቀጥሎ የመጣው ድምፅ ቁጣ አልነበረበትም፤ ለእመቤት የከፋውም እርሱ ነው። «እትዬ፣ ይኼ ሳጥን እንዲህ ሆኖ አያልፍም።»

«ምን ሲል?» አለች እመቤት። ጆሮዋን አላመነችም። «ደፈንኩት እኮ ነው የምልዎት! ያልተደፈነውማ እንዴት ሊያልፍ ነው?»

«ይምጡ፣ ላሳይዎት።» ተቆጣጣሪዋ ክንዷን ይዛ አስጠጋቻት። «ቤንዚን ሲቀዳ ትነቱ በአየር ላይ ይሄዳል፤ ወደዚህ ሳጥን መግባቱም አይቀርም። ውስጡ ደግሞ ብልጭታ አለ። ሳጥኑን የሠሩት ሰዎች ይኼን ያውቃሉ። ውስጡ አንድ ቀን ይፈነዳል ብለው ነው የሠሩት።»

«ይፈነዳል ብለው?» አለ ከኋላ ደጉ። ደጉ ከቸርቻሪዎቹ ሁሉ ችኩሉ ነው። «ታዲያ ለምን ይሸጡልናል?»

«ስለሚችለው ነዋ። ብረቱ ወፍራም ነው፣ ፍንዳታውን ሆዱ ውስጥ ይይዘዋል። የጋለው አየር ግን መውጫ ይፈልጋል። በክዳኑና በሳጥኑ ከንፈር መሃል ከወረቀት የቀጠነ መንገድ ተትቶለታል። በዚያ ተጣብቦ ሲያልፍ ብረቱ ሙቀቱን ይመጠዋል፤ ውጭ ሲደርስ እሳትነቱ ቀርቷል። አሁን ግን መንገዱ በሰም ተደፍኗል። ሰም ደግሞ ራሱ የሚነድ ነገር ነው። ያን ጊዜ ገፍትሮት የሚወጣው እሳት ነው፤ ውጭ ባለው ትነት ላይ።» ዝናቡን በተመለከተም ጨመረች፤ የሳጥኑ ከንፈር ሰፊ ስለሆነ ውሃው እንዲህ በቀላሉ እንደማይዘልቅ፣ ከላይ መጠለያ ማድረግ ግን እንደሚቻል ነገረቻት።

እመቤት አውራ ጣቷን አየችው። ክው አለች። አልጋው ሥር የነበረውን ያንን እሳት፣ ሰማያዊውን፣ በገዛ እጇ አምጥታ የከተማ አስፋልት ዳር ተክላው ነበር ማለት ነው። ያውም በፍቅር፣ ያውም በአውራ ጣቷ እየዳበሰች። ልጇን ያባረረችበትን ነገር ሰም ቀብታ ልትመርቀው! እንባዋ መጣ፤ ግን እመቤት እንባዋን በሰው ፊት የምታፈስ ሴት አይደለችም። ወደ ሆዷ መለሰችው።

«ሰሙ ይለቃል?» አለች።

«ይለቃል። ክዳኖቹ ተፈትተው፣ ከንፈሮቻቸው ንጹሕ ሆነው ካየሁ ክፍተቱን እለካለሁ። ግን ልብ በሉ፤ ቢላ የለም። ሞረድ የለም። ብርጭቆ ወረቀት የለም። ከንፈሩ ከተጫረ ሳጥኑ አበቃለት፣ አይጠገንም። በቤንዚን ላጥበው የሚል ካለም ከዚህ ግቢ ይውጣልኝ። ሙቅ ውሃና ለስላሳ ጨርቅ ብቻ። እዚህ ግቢ ግን እሳት አይነድም። እኔም ከሰዓት ጫግኒ እጠበቃለሁ።»

«ሽባባው ጥሊሊ ገባ!» አለ አዝመራው ከማዶ።

ጥሊሊ ማለት እዚህ ማለት ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ። አንዱ ውሃ ከቤት ይሞቅ ይላል፣ ሌላው እስኪደርስ ይቀዘቅዛል ይላል፣ ደጉ በአገውኛ ሰሙንም ንቡንም አብሮ ይሰድባል። እመቤት ዓይኗን ጨፈነችና ገለጠችው። ሰልፉ ላይ ያሉትን ባጃጆች አየች።

«አዝመራው!» ብላ ጮኸች፣ ግቢውን አናወጠችው። «ከተማው ውስጥ ስንት ሻይ ቤት አለ?»

«ኧረ ስፍር ቁጥር የለውም!»

«ፔርሙዝ የሌለው አለ?»

ልጁ ገባው። ፈገግታው ጆሮው ጋ ደረሰ። ዘሎ ባጃጁ ውስጥ ገባ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ሰልፉ እንደ ተነካ ቀፎ ተበተነ፤ አንዱ ወደ ገበያው፣ አንዱ ወደ መናኸሪያው፣ አንዱ ወደ ሆስፒታሉ መንገድ። የባጃጅ ሾፌር ቤንዚን አገኛለሁ ብሎ ሲሮጥ ያላየ ሰው ሩጫ አየሁ አይበል። በታንካቸው የቀረችውን የመጨረሻ ጠብታ ለዚህ አዋሏት፤ ሁለቱ መንገድ ላይ ደርቆባቸው ፔርሙዙን አቅፈው በእግራቸው ሮጠው መጡ።

ፔርሙዝ ጎረፈ። አበባ የተሳለበት፣ ክዳኑ የጠፋ፣ እጀታው በሽቦ የታሰረ። አንዱ ውስጥ ሻይ ነበረበት፣ ያውም ቅርንፉድ ያለው፤ ደጉ ጠጣው። ሴቶቹ ከነጠላቸው ጫፍ ቀደዱ። ምንይችል ብሎኖቹን ፈታ፤ አንዱም እንዳይጠፋ በየሳጥኑ ለይቶ በጨርቅ ላይ ደረደራቸው። እህተማርያም በመሃላቸው እየዞረች «ንከሩ፣ ጨምቁ፣ ጥረጉ! ጠብታ ወደ ውስጥ እንዳይገባ!» ትላለች። ሰሙ በሙቀቱ እየላላ በጨርቁ ላይ ይወጣል። ግቢው ማር ማር ሸተተ። አንዷ ዘፈን አወጣች፣ ሌሎቹ ተቀበሉ። እመቤት እጇ በውሃው እየቀላ፣ ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ ትዘፍናለች። ፈርታለችም፣ ደስም ብሏታል፤ ሁለቱን መለየት አቅቷታል።

የመጀመሪያው ፓምፕ ሳጥን ነጻ። እህተማርያም ከንፈሩን በባትሪ አየችው፣ በጣቷ ዳሰሰችው፣ ራሷን ነቀነቀች። ምንይችል ክዳኑን መልሶ አሰረ። ተቆጣጣሪዋ ከቦርሳዋ ስስ የብረት ምላሶች የተደረደሩበት መለኪያ አውጥታ በክዳኑ ዙሪያ መለካት ጀመረች። ያን ጊዜ ነው የቦቴው ጡሩምባ ከኮረብታው ጀርባ የተሰማው። ረጅም፣ ወፍራም፣ ሆድ የሚያንቀጠቅጥ ጡሩምባ። ከተማው በእልልታ መለሰለት።

እመቤትና ደጉ ሁለተኛው ፓምፕ ላይ ነበሩ። ክዳኑ ተፈቷል፤ አንድ ጥግ ላይ ግን ሰሙ ወደ ውስጥ ጠልቆ ጠንክሯል፣ በጨርቅ እምቢ አለ። ፔርሙዙ ባዶ ነበር። እመቤት «ውሃ!» ብላ ዞር አለች። አንድ ዞር ማለት ብቻ። ስትመለስ ደጉ የኪስ ቢላዋውን አውጥቶ ከንፈሩ ላይ አሳርፎታል።

«ደጉ!»

ቢላው ተንሸራተተ። ጭርር የሚል ድምፅ አሰማ። ሰሙ ወጥቷል፤ በሚያብረቀርቀው ብረት ላይ ግን ከውስጥ እስከ ውጭ የምትሄድ አንዲት ጭረት ቀርታለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የደጉ ግን ሲታጠቅም ሲፈታም ሩጫ ነው።

ደጉ ዙሪያውን አየ። ተቆጣጣሪዋ ጀርባዋን ሰጥታ ትለካለች። የሌላው ሁሉ ዓይን አስፋልቱ ላይ ነው። «እትዬ እመቤት» አለ በሹክሹክታ፣ ላቡ ይንጠባጠባል። «ዝም ይበሉ። ክዳኑን ልግጠመው። ተገጥሞ ሲያልቅ መለኪያዋ ይኼን አያገኘውም፤ ፀጉር ታህላለች እኮ! ቦቴው መጣ። አንድ አፍታ ዝም ማለት ብቻ ነው።»

ቦቴው ብቅ አለ። ረጅም፣ ነጭ፣ በጭቃ የተረጨ። ሽባባው በመስኮቱ እጁን ያውለበልባል። እመቤት እርሱን አየች፣ ጭረቷን አየች። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ዝም ልትል ነበር። አፏ ተዘግቶ ነበር፣ እጇ ክዳኑን ይዞ ነበር። ልጇ በዓይኗ መጣችባት፤ ዛሬ ማታ፣ በገዛ አልጋዋ ላይ። ፀጉር ለምታህል ጭረት ብላ ሌላ ዓመት ልትለያት?

ከዚያ ግን ልጇ የምትመጣበት መንገድ ታሰባት። ከዳንግላ የሚመጣው ሚኒባስ ወደ ቡሬ ሲያልፍ የሚቀዳው ከዚህ ፓምፕ ነው። ሰው ጭኖ፣ ልጅ ጭኖ። ልጄን ከአንድ ጄሪካን አሸሽቼ የሰውን ልጅ ሁሉ እዚህ ላቁም? አለች በልቧ። ተናደደች። በደጉ ሳይሆን በዚያ ክዳኑን በያዘው በገዛ እጇ ተናደደች፤ ክዳኑን ጨርቁ ላይ አስቀመጠችው።

«ኢንጂነር!» አለች። ድምፅዋ ከቦቴው ጡሩምባ አላነሰም። «ይምጡ፣ ይኼኛው ተጭሯል!»

እልልታው ተቋረጠ። ደጉ ሁለት እጁን በራሱ ላይ ጫነ። እህተማርያም መጣች፣ ጎንበስ አለች፣ ጣቷን በጭረቷ ላይ አስኬደች። ብዙ ቆየች። የቦቴው ሞተር ብቻ ይንተከተካል።

«ባይጠሩኝ አላየውም ነበር» አለች በመጨረሻ።

«አውቃለሁ» አለች እመቤት። አሁን እንባዋን መመለስ አልቻለችም። «ለዚያ ነው የጠራሁዎት።»

ተቆጣጣሪዋ ቀና ብላ አየቻት። ቀጥላ ወደ ምንይችል ዞረች። «የዚህን ፓምፕ ገመድ ከዋናው ማጥፊያ ሳጥን ነቅለህ ልታወጣው ትችላለህ? አጥፍተህ አይደለም፣ ነቅለህ።»

«አሁኑኑ!»

«አውጣው። መብራት የሌለው ፓምፕ ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ አይፈነዳም። አዲስ ሳጥን እስኪመጣና እኔ ራሴ ተመልሼ እስካይ ይኼኛው ለማንም አይቀዳም። ያኛው ግን...» መለኪያዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ያኛው ዙሪያውን ለክቼዋለሁ። አልፏል። በአንድ ፓምፕ መሥራት ትችላላችሁ።»

መጀመሪያ የገባው ሰው አልነበረም። እመቤት ራሷ «ምን?» አለች። «አልፏል ነው የምልዎት፣ እትዬ!» አለች እህተማርያም፣ እየሳቀች። ያን ጊዜ ግቢው ፈነዳ፤ ደግነቱ በእልልታ። ባጃጆቹ ጡሩምባቸውን ነፉ፣ ሴቶቹ በፔርሙዝ ክዳን ጨበጨቡ፣ ደጉ ተቆጣጣሪዋን ሊሸከማት ቢነሳ በወታደር ጫማዋ ገፍታ መለሰችው። ምንይችል ገመዱን ነቅሎ እንደገደለው እባብ ከፍ አድርጎ አሳየ። ሽባባው ከቦቴው ወርዶ «ኧረ ምን ተፈጠረ? ሠርግ ነው?» ይላል፤ የሚመልስለት የለም።

እመቤት ከሁሉም መሃል ወጣች። አስፋልቱን ተሻገረች። ከቅርጫቱ ስልኳን ፈልጋ አወጣችና ደወለች። ገና አንዴ ሳይጠራ ተነሳ፤ ልጅቷ ስልኩን የአክስቷ ጉልበት ላይ ሆና ስትጠብቀው ነው የዋለችው።

«እማዬ፣ ወጣ?»

እመቤት ስልኩን ወደ ማደያው አዞረችው። ከማዶ የቦቴው ቱቦ ከማደያው ታንከር ጋር ሲገጠም፣ ነዳጁ ሲወርድ ይሰማል።

«እማዬ?»

«ነይ» አለች።

«መቼ?»

«አሁን! አሁን ነይ አልኩሽ!»

በስልኩ ውስጥ ጩኸት ተሰማ፣ አንድ ነገር ወደቀ፣ ፍቅርአዲስ «ኧረ ልጄ፣ ልብስሽን እንኳ!» አለች። ልጅቷ ስልኩን ሳትዘጋው፣ በእጇ እንደያዘችው ነው የወጣችው። እመቤት አስፋልቱ ዳር ጉብ ብላ፣ ስልኩን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ጫን አድርጋ፣ የልጇን ሩጫ እስከ ዳንግላ መናኸሪያ ድረስ ሰማችው።